ያልደረሰው የኤልዳና ደብዳቤ

ፀጋዘአብ ዐሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ከአባቱ፣ ከእናቱና በአንድ ዓመት ከምታንሰው እህቱ ከኤልዳና ጋር በኡጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ፣ ቡኮቶ በሚባል ሰፈር ይኖራል። ልጆች፣ ፀጋዘአብ ክፉ ልጅ እንዳይመስላችሁ። አብረው ቦዳ በሚባለው የሞተር ብስክሌት ታክሲ ላይ ሲወጡ እህቱ እንዳትወድቅ አጥብቆ የሚይዛት እሱ ነው። ግን አንድ መጥፎ ሐሳብ ልቡ ውስጥ ገብቶ ነበር። ምን መሰላችሁ? «ሒሳብና ኮምፒውተር የወንድ ነው» የሚል።

በትምህርት ቤታቸው የኮምፒውተር ክበብ አለ። አባላቱ ዐሥር ልጆች ናቸው፤ ዐሥሩም ወንዶች። ፀጋዘአብም አንዱ ነው። ሰኞ ዕለት የክበቡ መምህርት ሚስ ናሉባ ጠሩትና ደብዳቤ ሰጡት።

«እህትህ በሒሳብ ጎበዝ ናት። ሐሙስ የክበቡን መግቢያ ፈተና እንድትፈተን እፈልጋለሁ። አባትህ ይፈርሙበትና እስከ ረቡዕ መልስልኝ።»

ጓደኛው ደሬሳ ሰምቶ ኖሮ፣ «ሴት ልትገባብን ነው? አለቀልን በለኛ!» ብሎ ሳቀ።

ፀጋዘአብም ሳቀ። ደብዳቤውን ደብተሩ ውስጥ ከተተና፣ «ነገ ለአባዬ እሰጠዋለሁ» አለ። ነገ መጣ፤ አልሰጠም። ረቡዕም አለፈ።

ሐሙስ ከሰዓት ኤልዳና ልጆች ለፈተና ሲገቡ አየች። ሚስ ናሉባ ትከሻዋን ነካ አድርገው፣ «አይዞሽ፤ ዘንድሮ አባትሽ ባይፈርሙልሽም ለከርሞ እንሞክራለን» አሏት። ኤልዳና ቦርሳዋን አንግታ ወደ ቤቷ ሄደች።

የዚያን ዕለት እራት ማቶኬ የሚባለው የተቀቀለ አረንጓዴ ሙዝ ነበር። ኤልዳና አልነካችውም። አባታቸው አቶ ዓለምሰገድ የአውሮፕላን መካኒክ ናቸው፤ የተበላሸ ነገር ቶሎ ይታያቸዋል።

«ኤልዱዬ፣ ምን ሆነሻል?»

«አባዬ፣ ሴት ስለሆንኩ ነው ፈተናውን የከለከልከኝ?»

የአባትየው እጅ አየር ላይ ቀረ። «የምን ፈተና?»

«የኮምፒውተር ክበቡን ነዋ! ሚስ ናሉባ አባትሽ አልፈረሙም ብለውኛል።» እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «አንተ እንደዚያ ታስባለህ ብዬ ጠርጥሬ አላውቅም ነበር።»

ፀጋዘአብ ከራሱ ጋር ተሟገተ። ዝም ቢል ማን ያውቅበታል? ደብዳቤው መንገድ ላይ ጠፋ ተብሎ ይቀራል። ግን እህቱ ምንም ያላጠፋ አባቷን ስትወቅስ መስማት አንገበገበው። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

ተነሣ። ደብዳቤውን አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«አባዬ አያውቅም። የደበቅኩት እኔ ነኝ።»

«ሴት አትችልም ብለህ ነው?» አለች ኤልዳና።

«አይደለም» አለ አንገቱን ደፍቶ። «እንደምትችዪ ስለማውቅ ነው። እንዳትበልጪኝ ፈርቼ ነው።»

ኤልዳና ወደ መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። እናታቸው ወይዘሮ ሔሊና በረጅሙ ተነፈሱ።

«ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም። በየቀኑ እሱ ሲያጠና እሷ ሰሐን ታጥባለች። ይህን ያስለመድነው እኛ ነን።»

አቶ ዓለምሰገድ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «ና ልጄ፣ ዛሬ እኔና አንተ እናጥባለን። ነገ ደግሞ አብሬህ ወደ አስተማሪህ እሄዳለሁ። የምትናገረው ግን አንተ ነህ።»

በማግስቱ ፀጋዘአብ ለሚስ ናሉባ ሁሉንም ተናገረ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። የእኔን ቦታ ይስጧት» አለ።

ሚስ ናሉባ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እህትህ የምትፈልገው የራሷን ዕድል እንጂ ያንተን ወንበር አይደለም። ሰኞ ትፈተናለች። አንተ ግን ያደረግኸውን ለክበቡ ልጆች ትነግራቸዋለህ።»

ነገራቸው። ጆሮው እስኪግል ድረስ አፈረ። ደሬሳ ግን በዚያን ቀን አልሳቀም። «እኔም አጥፍቻለሁ» አለ ቀስ ብሎ።

ቤት እንደደረሰ የእህቱን በር አንኳኳ።

«ኤልዱ፣ ይቅር በዪኝ።»

«ገና አልበረደልኝም።»

«እሺ፤ እጠብቃለሁ።» በሩ ሥር ቁጭ አለ።

ብዙ ቆየ። በመጨረሻ በሩ ገርበብ አለና አንድ መጽሐፍ ጭኑ ላይ ዱብ አለ።

«ክፍልፋይ ጠይቀኝ» አለች ኤልዳና። «እንዳታቀልልኝ!»

ጥያቄዎቹን አከበደባት። ሁለቱን ሳተች፤ የቀሩትን መለሰች። ሰኞ ተፈተነችና አለፈች። ስሟ ሲጠራ ከሁሉም ቀድሞ ያጨበጨበው ማን ይመስላችኋል? ፀጋዘአብ ነው። «እህቴ እኮ ናት!» እያለ ለማያውቃቸው ልጆች ሁሉ ተናገረ።

ልጆቼ፣ እግዚአብሔር መክሊት ሲያድል ወንድ ነው ሴት ናት ብሎ አይለይም፤ ስለዚህ የማንንም መክሊት አንቅበር፤ አንዳችን ለሌላችን የመማሪያውን በር እንክፈት።