ጠርሙሱ ለማን ነበር

«ስንት ዓመት ሙሉ ደጄን ረግጠሽ አታውቂም። ዛሬ በማለዳ ምን እግር ጣለሽ?» አለች ፓቫ።

«ጩኸት ሰምቼ ነዋ» አለች ጎረቤቷ ዲንካ።

«ጩኸቱ ከወደቡ፣ አንቺ ሽቅብ ወደኔ። ደግሞ በሩን ስከፍትልሽ ሰላምታ እንኳ ከአፍሽ አልወጣም፤ ክው ብለሽ ቀረሽ።»

ኢንስፔክተር ዝላታ አልገላገለቻቸውም። በወደቡ አጠገብ ባለው የወይን ጠጅ ጓዳ ወለል ላይ፣ በፊታቸው፣ የሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ የፓቬ አስከሬን ሸራ ለብሶ ተኝቷል። አጠገቡ የጎደለ የአረቄ ጠርሙስ አለ፤ ከተዘፈዘፉበት ቅጠላ ቅጠሎች መካከል ሐኪሙ በየአጥሩ የሚበቅለውን መርዛም ኦሊያንደር ለይቶ አውጥቷል። በጠርሙሱ አንገት ላይ በታሰረው ወረቀት አንድ ቃል ብቻ ተጽፏል፤ «ፓቪ»።

አረቄውን ለፓቬ የሰጠው የዲንካ ባል፣ ጡረተኛው መርከበኛ ቶንኮ ነው።

«ሟቹ ጠላት ነበረው?» ስትል ዝላታ ቶንኮን ጠየቀችው።

«ፓቬ? ከድመቱ በቀር ከማን ይጣላል።»

«ጠርሙሱ ለእሱ እስኪሰጥ የት ነበር?»

«እኛ ወጥ ቤት፣ ጠረጴዛው ላይ።»

«ለማን እንደሆነ ለባለቤትዎ ነግረዋታል?»

«ምን ያስነግራል? ተጽፎበት የለ እንዴ።»

ዝላታ ሦስቱንም አንድ አግዳሚ ላይ አስቀመጠቻቸው።

«በቋንቋችን ስም ሲቀበል ጅራቱ ይለወጣል» አለች። «ለፓቬ ስንሰጥ ‹ፓቪ› እንላለን፤ ለፓቫ ስንሰጥም ‹ፓቪ›። ሕመምንም እንደ ስጦታ ነው የምንናገረው። ዛሬ ማለዳ የተጮኸው ‹ክፉ ሆነ ፓቪ› የሚል ነበር። መንደሩ ሽማግሌውን አስቦ ቁልቁል ሮጠ። ሽቅብ የሮጠ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ መታመም ያለባት ማን እንደሆነች አስቀድሞ የሚያውቅ። ዲንካ፣ ፓቬን የሚጠላ ሰው አልነበረም። የጠሉት ወረቀቱ ላይ ያነበቡትን ነው።»

ዲንካ በጣቷ ወደ ጠርሙሱ ጠቆመች።

«ስሟን ጽፎ፣ ዳቦ በምቆርስበት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠልኝ» አለች። ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። «ለፓቬ ነበር እንዴ? ታዲያ ለእሷ ምንም ሰጥተህ አታውቅም? በል ንገረኝ፣ ቶንኮ። ሰው ገድያለሁ እኮ። ምንም?»

ቶንኮ የጠርሙሱን ቡሽ በጣቶቹ አገላበጠ።

ፓቫ ተነሳች። በደሴቲቱ የማይሸጠውን፣ መርከበኛ ብቻ ከባሕር ማዶ የሚያመጣውን የሐር ሻሏን ተከናነበችና በሩን ቀስ አድርጋ ዘግታ ሄደች።