የማይሳሳተው ተጫዋች

የጌም ኮንሶል ሠሪው ኩባንያ መሐንዲስ ሞቶ የተገኘው በኤግዚቢሽን አዳራሹ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ በባዶ ካርቶኖች መካከል በግንባሩ ተደፍቶ ነው። የተመታው ከኋላ ነበር። አጠገቡ አንድ አሮጌ የጌም ኮንሶል ወድቋል፤ እንደ ብሎኬት የሚከብድ፣ አንዱ ጥጉ ደም የነካው፣ በጎኑ የአንድ ጥገና ቤት ስቲከር የተለጠፈበት።

መቶ አለቃው ስቲከሩን ሲያይ ምርመራውን የጨረሰ መሰለው።

«የእህቱ ሱቅ ስቲከር ነው» አለ። «ኮንሶሉን ያመጣችው እሷ ናት። ጠዋት ሰው ሁሉ እየሰማ ሰድባዋለች። ካቴና ላጥልቅላት።»

«ለምን ትገድለዋለች?» አለች ኢንስፔክተሯ።

መቶ አለቃው በረጅሙ ተነፈሰ። ሴትዮዋ በጣቢያው «እትዬ ለምን» እየተባለች የምትታማው በከንቱ አልነበረም።

«ተጣልተዋላ!»

«እኔና ወንድሜም ስንጣላ ነው ያረጀነው። ሁለታችንም በሕይወት አለን። ካቴናህን ኪስህ ውስጥ አቆየው።»

«አዛዡ አዳራሹ ሳይዘጋ ሰው ይዛችሁ ኑ ብለዋል። ሌላ ሰው ካላገኙ እሷን ይዤ ነው የምሄደው።»

«እንግዲያው ቶሎ እንሥራ።»

ይህ አዳራሽ ቀድሞ መርገጫ የሚጠፋበት ነበር። የጌም ኩባንያዎች ሁሉ አዲስ ሥራቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ገዢው ነካክቶ፣ ተጫውቶ፣ ጠይቆ፣ ተከራክሮ ይሄዳል። ከጊዜ በኋላ ትልልቆቹ አንድ ነገር ገባቸው፦ ገዢ ፊት ለፊት ከቆመ ይጠይቃል። በስልክ የሚላክ ቪዲዮ ግን ጥያቄ አይቀበልም። እናም አንድ በአንድ ቀሩ። ዘንድሮ የተገኘው ኮንሶል ሠሪ አንድ ብቻ ነው። የቀረውን ቦታ የሞሉት ካናቴራ ሻጮችና አንድ የማሳጅ ወንበር ነጋዴ ናቸው። ጌምን ከማሳጅ ወንበር ጋር ምን እንዳገናኘው የጠየቀ የለም፤ ባዶ ቦታ አይመርጥም።

ኢንስፔክተሯ በኮንሶል ሠሪው ማሳያ በኩል አለፈች። የተደረደሩት ማሽኖች ሁሉ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ያሳያሉ፦ «ይህን ጨዋታ ለመክፈት ከኔትወርክ ጋር ይገናኙ።» ጥቂት ጎብኚዎች ጆይስቲኩን በከንቱ ይጫናሉ። አስከሬኑን ያገኘችው የማሳያው ሠራተኛ፣ ዓይኗ አብጦ፣ አሁንም «ትንሽ ታገሡ» ትላለች።

«ለምንድን ነው የማይከፈተው?» አለቻት ኢንስፔክተሯ።

«ኔትወርክ የለም። ከምሳ በፊት ነው የተቋረጠው።»

«ጨዋታው እዚሁ ማሽኑ ውስጥ አይደለም እንዴ?»

«ነው። ግን በተከፈተ ቁጥር ኩባንያውን ፈቃድ ይጠይቃል። ኔትወርክ ከሌለ ፈቃድ የለም።»

«ገንዘብ ከፍሎ የገዛውም?»

«የገዛውም።»

«ለአለቃሽ ነግረሻቸዋል?»

ሠራተኛዋ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቅ አመለጣት። «የደንበኛ ቅሬታ ወደ እሳቸው መውሰድ ክልክል ነው። ‹ሙዴን ያበላሸዋል› ብለው ስብሰባ ላይ ነግረውናል። እሳቸው በዚህ በኩል አያልፉም፤ በጓሮ ገብተው በጓሮ ይወጣሉ።»

«ሟቹን መቼ አየሽው?»

«ከምሳ በኋላ፣ አለቃችን የሽያጭ ኃላፊው ጨዋታውን ሲጀምሩ። በመድረኩ ትልቅ ስክሪን ላይ ጨዋታው እንደተጀመረ እሱ አሮጌውን ኮንሶል አቅፎ ዕቃ ቤት ገባ። ጨዋታው አልቆ ሰዎች ሲያጨበጭቡ ካርቶን ላመጣ ሄድኩ፤ እና...» አልጨረሰችውም።

እንግዲህ ሰውየው የተገደለው ስክሪኑ ላይ ጨዋታ እየታየ ሳለ ነው።

የኤግዚቢሽኑ አዘጋጅ፣ ሱፋቸው ከአዳራሹ ጋር አብሮ ያረጀ ሽማግሌ፣ ኢንስፔክተሯን እንደ ተበዳይ ነበር የተቀበሏት።

«በእኔ ላይ ይህ ይገባል? ሰው ለማምጣት ስንት ለምኜ፣ የመጣው ፖሊስ!»

«ኔትወርኩ ምን ሆኖ ነው፣ ጋሼ?»

«አንዱ ኩባንያ ኤግዚቢሽኑ ሳያልቅ ጥሎኝ ሄደ። ሠራተኞቹ ግድግዳቸውን ሲነቅሉ መስመሩን ቆርጠውት ሄዱ። ለአዳራሹ ሁሉ ያለው እሱ አንድ መስመር ነው። ቴክኒሻኑ ‹መንገድ ላይ ነኝ› ይለኛል። እኔ እንዲህ የማያልቅ መንገድ አይቼ አላውቅም።»

«መሐንዲሱ ከእርስዎ ምን ፈልጎ ነበር?»

«በመዝጊያው ዝግጅት ላይ መድረኩን ስጠኝ አለ። ሰጠሁት።»

«ምን ሊናገርበት?»

«ምን ቸገረኝ! መድረኩ ባዶ ነው። ድመት ወጥታ ልዝፈን ብትልም እፈቅድላት ነበር።»

«ጨዋታው ሲታይ የት ነበሩ?»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ማሳጅ ወንበሩ ላይ። ተኝቼ። ነጋዴው ‹አንኮራፍተው ገዢ አባረሩብኝ› ብሎ ሲጮህ ነው የነቃሁት፤ ይጠይቁት።»

ነጋዴው ተጠየቀ። ማንኮራፋቱን ከነድምፁ አስመስሎ አሳየ።

እህትየው መድረኩ ፊት ከተደረደሩት ባዶ ወንበሮች በአንዱ ላይ ተቀምጣለች። ጣቶቿ የብየዳ ጠባሳ አለባቸው። አላለቀሰችም።

«‹ሌባ› ብለሽዋል አሉ» አለች ኢንስፔክተሯ አጠገቧ እየተቀመጠች።

«ብዬዋለሁ። ምን ልበለው ታዲያ? ደንበኛዬ የጌም ካርቶን ይገዛል፤ ሲከፍተው ዲስክ የለም፤ ቁጥር የታተመበት ወረቀት ነው። ማሽኑ ሲበላሽ እኔ ጋ ያመጣዋል፤ አንድ ክፍል ብቀይርለት ማሽኑ ‹ይህን አላውቀውም› ብሎ ይዘጋል። አዲስ እንዲገዛ! ያንን መቆለፊያ የሠራው ማን መሰለሽ? የእናቴ ልጅ።»

«አሮጌውን ለምን አመጣሽለት?»

«ትናንት ደወለ። ‹የልጅነታችንን ማሽን አምጪልኝ፤ አሁን አትጠይቂኝ› አለ። ከስንት ጊዜ ዝምታ በኋላ ወሬው ይኸው ነው። አመጣሁለት። ስሰድበው መልስ አልሰጠኝም፤ ማሽኑን አቅፎ ቆመ። እኔም ብሽቅ ብዬ እዚህ መጥቼ ተቀመጥኩ።»

«ጨዋታው ሲታይ እዚህ መሆንሽን ያየ ሰው አለ?»

«ማን ያየኛል? አሥር የማይሞላ ሰው ነው፤ እሱም አፉን ከፍቶ ስክሪን ላይ ተተክሏል።»

መቶ አለቃው ከሩቅ ሰዓቱን እያየ ጉሮሮውን ጠረገ።

አፋቸውን ከፍተው ከተተከሉት አንዱ ገምጋሚው ነበር። ሥራው በኢንተርኔት ጌም መገምገም ነው፤ ማለትም ኩባንያው በነፃ የላከለትን ማሽን ካርቶን እየከፈተ «ዋው» ማለት። ከፊቱ ሰው ሞቶ እንኳ ስልኩን ከእጁ አላስቀመጠም።

«ጨዋታው እንዴት ነበር?» አለችው።

«እብደት ነው! ሽያጭ ኃላፊው ወጥቶ ሰላም አለን፣ ከመድረኩ ጀርባ ወዳለው ክፍል ገባ፣ እዚያ ሆኖ ተጫወተ፣ እኛ በስክሪኑ አየን። ሲጨርስ ወጣ፤ አጨበጨብን።»

«ሲጫወት እሱን አየኸው?»

«ጨዋታውን ነዋ ያየሁት።»

«ተሳሳተ?»

«አንዴም! አንዲት ጥይት አልባከነችም። አንዴ እንኳ ግድግዳ አልገጨም።»

«አንተስ ስትጫወት?»

«እኔማ ሁሌ እሞታለሁ። አዲስ ጌም ላይ የማይሞት ሰው የለም።» ያለው ነገር ለራሱም ሳይገባው ፈገግ አለ።

«ሟቹ አነጋግሮህ ነበር?»

ፈገግታው ጠፋ። «ትንሽ... ስለዚህ አስተያየት የለኝም።»

«አስተያየት ለመስጠት የምትኖር ሰው አስተያየት አጣህ?»

ዓይኑን ወደ ስልኩ መለሰ። እሷም ለጊዜው ተወችው።

የሽያጭ ኃላፊው ከመድረኩ ጀርባ ባለችው ክፍል ውስጥ እግሩን አነባብሮ ጠበቃት። ክፍሉ ሁለት በር አለው፤ አንዱ ወደ መድረኩ፣ አንዱ ወደ ዕቃ ቤቱ። ጠረጴዛው ላይ አዲሱ ኮንሶል ጉብ ብሏል፤ ፊት ለፊቱ ወንበር፣ ወንበሩ ላይ ጆይስቲክ።

«ለቤተሰቡ ጥልቅ ሐዘናችንን እንገልጻለን» አለ፤ ለጋዜጣ እንደሚናገር ሰው። «ነገር ግን ክስተቱ ከምርታችን ጋር ግንኙነት የለውም።»

«ምርታችሁን አልጠረጠርኩትም። ዕቃ ቤት ውስጥ የተገኘው አሮጌው ነው። ይኼ ቢሆን ሰው ቀርቶ ዝንብ አይገድልም፤ ፕላስቲክ ነው። እርስዎ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ስጫወት። ታዳሚው ሁሉ ምስክሬ ነው።»

«ይህ ማሽን ለእርስዎ በተለየ የተሠራ ነው?»

ኃላፊው እንደ ተሰደበ ሰው ቀና አለ። «በፍጹም! ሱቅ ከሚሸጠው በፀጉር አይለይም። እንደ ማንኛውም ደንበኛ ነው የከፈትኩት፣ እንደ ማንኛውም ደንበኛ ነው የተጫወትኩት። ሌላ ነገር የሚያወራ ካለ ስም አጥፊ ነው፤ በሕግ እንጠይቀዋለን።»

«ጠዋት ለካሜራ አዲሱን ኮንሶል ሲያሳዩ ነጭ ጓንት አድርገው ነበር። የት አለ?»

«ጓንት?» ትከሻውን ሰበቀ። «ጥዬው ይሆናል። ለማሽኑ ክብር ነው የምናደርገው።»

«ለገዛው ሰውስ የምታደርጉት ክብር አለ?»

«ጥያቄው አልገባኝም።»

እውነቱን ነው፤ አልገባውም።

ኢንስፔክተሯ ሁሉንም መድረኩ ፊት ሰበሰበቻቸው። አዘጋጁ ከፊት ተቀመጡ፣ ገምጋሚው ከጥግ፣ እህትየው ከመቶ አለቃው አጠገብ። ኃላፊው ሰዓቱን እያየ ቆመ። ትልቁ ስክሪን ከክፍሉ ማሽን ጋር ተገናኝቷል።

«አንድ ነገር ላስቸግርዎት» አለችው። «ከምሳ በኋላ የተጫወቱትን ትንሽ ያሳዩን። እኔ አላየሁትም።»

«አሁን? ሰው ሞቶ?»

«ከምሳ በኋላ ሰው እየሞተ ሳለም ተጫውተዋል። ይግቡ።»

ኃላፊው የንቀት ፈገግታ አሳይቶ ገባ። ማሽኑ ሲበራ ሙዚቃው አዳራሹን ሞላው፤ ከዚያ ቀጥ አለ። ስክሪኑ ላይ ሰፊ ጽሑፍ ወጣ፦ «ይህን ጨዋታ ለመክፈት ከኔትወርክ ጋር ይገናኙ።»

ኃላፊው ብቅ ሲል ፊቱ ተለዋውጧል። «አሁን ነው የተቋረጠው?»

«ከምሳ በፊት ነው» አሉ አዘጋጁ። «አዳራሹ ሁሉ ያውቃል።»

«እዚያ የተደረደሩት ማሽኖች ሁሉ ይህንን ሲለፍፉ ነው የዋሉት» አለች ኢንስፔክተሯ። «ደንበኞችዎ አይተውታል፤ ሠራተኞችዎም አይተውታል። እርስዎ ግን ቅሬታ አይሰሙም፤ ገዢ በቆመበት በኩልም አያልፉም።»

«እኔ... የራሴ መስመር ነበረኝ።»

«ከየት አምጥተህ?» አሉ አዘጋጁ ተቆጥተው። «ያለው አንድ መስመር ነው!»

«ቅድም ‹እንደ ማንኛውም ደንበኛ ከፈትኩት› ብለውኛል። ማንኛውም ደንበኛ ዛሬ መክፈት አልቻለም። ታዲያ ስክሪኑ ላይ አንዴም የማይሳሳት፣ አንዴም የማይሞት ተጫዋች ማን ነበር?»

ኃላፊው ግራ ቀኙን አየ። ሁለት ውሸት ይዞ አንዱን ለመጣል የተገደደ ሰው፣ የቀለለውን ነው የሚጥለው።

«እሺ፣ ቪዲዮ ነው!» ብሎ ጮኸ። «ተቀርጾ የተዘጋጀ! ሁሉም ኩባንያ ያደርገዋል! ሰው ማየት የሚፈልገው ያንን ነው! ይህ ወንጀል ነው?»

«እሱ ማጭበርበር ነው። ወንጀሉ ሌላው ነው። ቪዲዮው በራሱ የሚሄድ ከሆነ፣ ሲታይ እርስዎ ክፍሉ ውስጥ አልነበሩም ማለት ነው፤ ቢያንስ መኖርዎን ያየ የለም። ከክፍሉ ደግሞ አንድ በር ወደ ዕቃ ቤት ይወስዳል።» ወደ ገምጋሚው ዞረች። «አሁን አስተያየት አለህ?»

ገምጋሚው ስልኩን ለመጀመሪያ ጊዜ ኪሱ ከተተ። «ሰውየው ነግሮኝ ነበር» አለ ወለሉን እያየ። «በመዝጊያው መድረክ ላይ ሊያጋልጣቸው ነበር። አዲሱ ኮንሶል ገበያ እንደገባ፣ እስካሁን ሲሸጡት ለነበረው ማሽን ፈቃድ የሚሰጠውን የኩባንያውን ሰርቨር ሊዘጉት ነው። ሰው የገዛው ጌም በሙሉ ከዚያ በኋላ አይከፈትም። የልጅነቱን አሮጌ ማሽን ከአዲሱ ጎን አስቀምጦ፣ የኔትወርኩን ገመድ ነቅሎ፣ የትኛው እንደሚጫወት ለሕዝብ ሊያሳይ ነበር። ቅረጽልኝ ብሎኝ ነበር።»

«አንተስ?»

«ለኃላፊው ነገርኩት። ማሽኑን ከሌሎቹ ቀድመው እንዲልኩልኝ ብዬ... እንደሚያባርሩት እንጂ እንደዚህ ይሆናል ብዬ...»

እህትየው ዞራ አየችው። ስድብ እንኳ በዛበት።

በዚህ መሐል ኢንስፔክተሯ ወደ ዕቃ ቤት የላከችው ፖሊስ የአዲሱን ኮንሶል ካርቶን ይዞ መጣ። ነጩ ጓንት ከስፖንጁ ሥር ተወሽቆ ነበር፤ መዳፉ በአሮጌው ማሽን አቧራ ጠቁሯል፣ ጣቱ ላይ ደም አለ።

«ለማሽኑ ክብር» አለች ኢንስፔክተሯ።

ኃላፊው ተንኮታኮተ ማለት አይቻልም፤ እንዲህ ያለ ሰው አይንኮታኮትም፣ ይቆጣል እንጂ። «እኛ የቀጠርነው ሰው ነው!» አለ። «የሠራው ሁሉ የእኛ ንብረት ነው፣ የሚያውቀው ሁሉ የእኛ ነው! ተለማመጥኩት፤ ‹እህቴ ሌባ ብላኛለች፣ እውነቷን ነው› አለኝ። ያንን ቆሻሻ ማሽን ከፊቴ አስቀምጦ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ገመድ ይፈልጋል! አንድ የጥገና ሠራተኛ ስለሰደበችው ስንት ዓመት የደከምንበትን ሊያፈርስ!»

«ያዘው» አለች ኢንስፔክተሯ።

መቶ አለቃው ካቴናውን አወጣ። ኃላፊው ሲወሰድ ለአንዲት ደቂቃ ጠበቃውን እየጠራ፣ ለሌላዋ ደቂቃ ስሙ በዜና እንዳይወጣ እየጠየቀ ነበር።

እህትየው ከወንበሯ አልተነሣችም።

«ሰማሽ?» አለቻት ኢንስፔክተሯ ጎንበስ ብላ። «የመጨረሻ ቃሉ ነው። ‹እውነቷን ነው› ብሏል።»

«እኔ ግን የመጨረሻ ቃሌ ስድብ ነው» አለች እህትየው። አሁን አለቀሰች፤ እስኪወጣላት አለቀሰች፤ ኢንስፔክተሯም ለአንዴ እንኳ «ለምን» ሳትል አጠገቧ ቆመች።

አዘጋጁ በቀስታ ተጠጉ። «ልጄ፣ ነፍስ ይማር። እንግዲህ መዝጊያው ቀርቷል። ኩባንያው እንዳይቀየመን ይህን ነገር እዚህ ላይ ብናቆመው... እነሱም ከሄዱ እኔ የሚቀረኝ ማሳጅ ወንበር ነው።»

እህትየው ፊቷን በመዳፏ ጠርጋ ተነሣች። ሽማግሌውን ገለል አድርጋ የመድረኩን ደረጃ ወጣች። ማሳያው ጋ በከንቱ ሲጠብቁ የዋሉት ጎብኚዎች ማሽኖቹን ትተው ተጠግተዋል፤ የማሳያው ሠራተኛም ዩኒፎርሟን አውልቃ ከመካከላቸው ቆማለች።

«ተቀመጡ» አለቻቸው ማይክሮፎኑን እያበራች። «የምትገዙትን ዕቃ እንዴት እንደሚቆልፉባችሁ ላስረዳችሁ ነው። መቆለፊያውን የሠራው ወንድሜ ነው፤ ሊነግራችሁ ሲዘጋጅ ነው የገደሉት።»