ከመጋዘኑ ጀርባ የተዛቀው አፈር

የመጀመሪያው ዱላ ደራራ ትከሻ ላይ ሲያርፍ ኢብቲሳም ከትምህርት ቤት እየተመለሰች ነበር። ሁለተኛው ክንዱን አገኘው። አጥንት ሲሰበር የሚሰማውን ድምፅ እሷም ከመንገዱ ማዶ ሰማችው።

ደራራ ነጩን የሥራ ቱታ እንደለበሰ አሮጌው የሰብል መድኃኒት መጋዘን በር ላይ ተንበረከከ። ዱላ የያዙ ወንዶች ከበውታል። ፊት ለፊቱ የቆሙት ሐጂ ሳላሀዲን ናቸው። በዚህ የሮቤ ሰፈር ሠርግም ሆነ ሽምግልና ያለ እሳቸው አያልቅም፤ ረጋ ያሉ፣ የተከበሩ ሰው ናቸው። ዛሬ ግን ጥምጣማቸው ተፈትቶ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ዓይናቸው ደም ለብሷል።

«ሁለት ላሞቼ አረፋ እየደፈቁ ሞቱ» አሉት። «ሦስተኛዋ እግሯን እያንፈራገጠች ነው። ምን አድርጌህ ነው?»

«ወላሂ ሐጂ፣ እኔ ምንም አልሰጠሁም።»

«ዘይነዲን ሁሉን ነግሮናል!» አለ የሐጂ ትልቁ ልጅ፤ ደረቱንም በእርግጫ መታው። «አፈሩን ዝቀህ ‹የከብት ሐያ ነው፣ ለሐጂ ውሰድላቸው› ያልከው አንተ ነህ። አባቴ ከእረኝነት ስላባረረህ ቂም ይዘህ ነው።»

ኢብቲሳም ክው አለች። ዘይነዲን ታላቅ ወንድሟ ነው። የተናገረው ደግሞ ዓይን ያወጣ ውሸት መሆኑን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

የደራራና የዘይነዲን አሠልጣኝ እትዬ ማናልበሽ ሌሎቹን ሠልጣኞች ይዘው ከመጋዘኑ ወጡ። ደራራን በቱታው ጎትተው አስገቡትና የቆርቆሮውን በር ቀረቀሩት። ወዲያው ድንጋይ በቆርቆሮው ላይ ይዘንብ ጀመር።

መጋዘኑ ድሮ የስንዴ ፀረ አረምና ፀረ ተባይ ይከማችበት ነበር። በርሜሉ ዝጎ፣ ጀሪካኑ ተቀዶ፣ መርዙ ለዓመታት መሬት ውስጥ ሲሰርግ ጉዳዬ ያለው ሰው አልነበረም። በዙሪያው ሣር እንኳ አይበቅልም። ዘንድሮ ግን አንድ ፕሮጀክት መጣና ሥራ የሌላቸውን የሰፈሩን ልጆች ሰብስቦ የተመረዘ መሬት ማጽዳት ያሠለጥናቸው ጀመር፤ ጭንብል እንዴት እንደሚጠለቅ፣ አፈሩ ሳይቦን እንዴት እንደሚዛቅ፣ በርሜል ውስጥ እንዴት እንደሚታሸግ። ሥልጠናውን ለጨረሰ ሥራ አለ ተባለ። ፈተና ወድቆ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲሞቅ ይውል የነበረው ዘይነዲን ጠዋት በጊዜ የሚነሳ ሰው ሆነ። እናታቸው መሪየም በሰገደች ቁጥር ለዚህ ሥልጠና አላህን ታመሰግናለች።

ጥፋቱ የተጀመረው በሥልጠናው መጀመሪያ ላይ፣ ስለ አፈሩ ገና ሳይማሩ ነው። ዝናብ ጥሎ ፀሐይ ሲወጣ ከመጋዘኑ ጀርባ ያለው መሬት እንደ ጨው ያለ ነጭ ቅርፊት ያወጣል። ባሌ ውስጥ ነጭ አፈር ያየ ሰው መጀመሪያ ትዝ የሚለው ሐያ ነው፤ ከብት እየተጋፋ የሚልሰው፣ ወተት ይጨምራል የሚባለው ጨዋማ አፈር። ሐያ ያገኘ ሰው ደግሞ ለራሱ ብቻ አይዝም፤ ከብት ላለው ጎረቤት ያደርሳል። ዘይነዲንም እነሱ ቤት ከብት ስለሌለ አንድ ከረጢት ሞልቶ ለሐጂ ወሰደላቸው። ሐጂ መረቁት፤ ከረጢቱንም ለሚፈለግበት ጊዜ ብለው ጎተራው ሥር አስቀመጡት። ዘይነዲን አፈሩን ሲዝቅ የከረጢቱን አፍ ከፍታ የያዘችለት፣ ምሳ ልታደርስለት የሄደችው ኢብቲሳም ናት። ደራራ በአካባቢው አልነበረም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ እትዬ ማናልበሽ ያንኑ ነጭ ነገር በአካፋ ጫፍ አንስተው «ይሄ መርዝ ነው። ጫማችሁ ላይ እንኳ ይዛችሁት እንዳትወጡ» ብለው አስተማሯቸው። የዚያን ዕለት ዘይነዲን ነገሩን ለኢብቲሳም ነግሯት እራቱን ሳይነካ ተኛ። በነጋታው ኢብቲሳም «መለስከው?» ብላ ስትጠይቀው «መለስኩት» አላት። አመነችው። እሱ ግን ከሥልጠናው እባረራለሁ ብሎ ፈርቶ ነገ ነገ ሲል፣ ሐጂ ዛሬ ጠዋት ከረጢቱን ፈቱት።

እየሮጠች ቤት ስትደርስ ዘይነዲን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አገኘችው።

«ዋሸኸኝ» አለችው። «በደራራ ላይም ዋሸህ።»

«ድምፅሽን ቀንሺ።»

«እትዬ ማናልበሽ መጋዘኑ ውስጥ አስገብተውታል፤ በሩን ሰብረው ሊገድሉት ነው። ሂድና ንገራቸው።»

«አትጀዝቢ ኢብቲ። ከተናገርኩ ዱላው ወደ እኔ ነው የሚዞረው። እሱ እትዬ ማናልበሽ ጋ ገብቷል አይደል? ምንም አይሆንም። ትንሽ ቆይቶ ይበርዳል።»

«እንግዲያው እኔ እነግራቸዋለሁ።»

ጥፊው ሳታስበው መጣ። ጭንቅላቷ ከግድግዳው ጋር ተጋጨ፤ ከንፈሯ ተሰንጥቆ ደም አፏን ሞላው። ዘይነዲን በሂጃቧ አንቆ ግድግዳው ላይ አጣበቃት። በሕይወቷ እጁን አንስቶባት አያውቅም። ፊቱን ስታየው ከእሷ የባሰ የፈራው እሱ መሆኑ ገባት፤ ያም ሆኖ ጠላችው።

መሪየም ከጓሮ ገብታ ጀርባውን በጫማ እየደበደበች አላቀቀቻቸው። እሱ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። መሪየም ሁሉንም ሰምታለች።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ማሎ፣ እባክሽ ዝም በይ» አለች እጇን ይዛ። «ወንድምሽን ይገድሉብኛል። ያለኝ አንድ ወንድ ልጅ ነው።»

«የደራራ እናትስ ስንት አላት?»

መሪየም እጇን ይበልጥ አጥብቃ ያዘቻት። ኢብቲሳም ራሷ ጣቶቿን አላቅቃ ወጣች።

ስትመለስ የቆርቆሮው በር ተገንጥሎ ወድቋል። ደራራን ኮረቱ ላይ ጎትተው አውጥተውታል፤ ነጩ ቱታ ከደረቱ እስከ ጉልበቱ በደም ርሷል። እትዬ ማናልበሽ ግንባራቸው ተፈንክቶ፣ ደሙን በአንድ እጃቸው አፍነው «ተዉ፣ በፈጠራችሁ» ይላሉ፤ የሚሰማቸው ግን የለም። የሐጂ ልጅ በሁለት እጁ ትልቅ ድንጋይ አነሳ።

ኢብቲሳም ፈርታለች። በሰዎቹ እግር መሃል ሾልካ ደራራ ላይ ወደቀች። ለእሱ የተሰነዘረ ዱላ ጀርባዋን መታት፤ ትንፋሿ ቀጥ አለ።

«ዲሲ፣ ተው፣ ሴት ልጅ ናት» አለ አንድ ድምፅ።

«ሐጂ» አለች፤ ድምጿ አልወጣም። ደገመችው። «ሐጂ፣ የከረጢቱን አፍ የያዝኩት እኔ ነኝ። ደራራ እዚያ አልነበረም።»

ሐጂ ሳላሀዲን የልጃቸውን እጅ ያዙት። «አፈሩንስ ማን ዛቀው?»

ደራራ ከሥሯ ያጣጥራል፤ ደሙ ዩኒፎርሟን ሲያሞቀው ይሰማታል። የእናቷ እጅ ትዝ አላት። ከመለሰች በኋላ ወደኋላ መመለስ እንደሌለ ታውቃለች።

«ዘይነዲን ነው» አለች። «ሐያ መስሎት ነው፣ ወላሂ። መርዝ መሆኑን ሲያውቅ ግን ፈርቶ ደበቀ። ለእርስዎም ዋሸ።»

ሐጂ ጎንበስ ብለው ደራራን አዩት። «ያ ረቢ፣ ምን አደረግን» አሉ። ልጃቸው ግን ድንጋዩን ጥሎ ዱላውን አነሳና ወደ እነ ኢብቲሳም ቤት የሚወስደውን መንገድ ያዘ። ሌሎቹም ተከተሉት።

እትዬ ማናልበሽ ለፖሊስ እየደወሉ ነው። ሠልጣኞቹ ደራራን ጎባ ሆስፒታል ለማድረስ ሚኒባስ አስቁመዋል። ኢብቲሳም ጀርባዋ እየነደደ ተነሳች። በቀጭኑ መንገድ አቋርጣ ስትሮጥ ዱላ ከያዙት ሰዎች ቀድማ ደረሰች። እናቷን ወደ ውስጥ ገፋቻት፤ በሩን ከውጭ ስባ ዘጋችና «ቀርቅሩት» አለች። ከዚያ ደፉ ላይ ተቀመጠች።

«ነገርሻቸው?» አለ ዘይነዲን ከበሩ ጀርባ።

«ነገርኳቸው።»

ከውስጥ መቀርቀሪያውን ነካካ። «ተነሽ ኢብቲ። አንቺን ነው የሚመቱሽ። ልውጣ።»

«ፖሊስ ሲመጣ አብረን እንሄዳለን። ለደራራ የምትለውን ያኔ ትላለህ። እስከዚያ እንዳትከፍት።»

ሰዎቹ በማዕዘኑ ታጠፉ። ሐጂ ሳላሀዲን ከኋላ እየተጣሩ፣ ከዘራቸውን እየተደገፉ ይከተላሉ፤ ገና ሩቅ ናቸው። ኢብቲሳም አፏን በዩኒፎርሟ እጅጌ ጠረገች፤ ጉልበቷን አቅፋ ጀርባዋን በሩ ላይ አስደገፈች።

የሐጂ ልጅ ፊቷ ቆመ። «ተነሺ» አላት።

አልተነሳችም።