ስልሳ ዲግሪ በሦስተኛው ገጽ

የምትወዱትን ሰው በገዛ እጃችሁ፣ ነጥብና ሰረዙ ባልተዛነፈ ጽሑፍ አዋርዳችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አዋርጃለሁ። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ስጨርስ ግን መልስ መስጠት ያለብኝ እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ ታያላችሁ።

የምሠራው ጠበቆች ቢሮ ውስጥ ነው፤ ደብዳቤ አረቅቃለሁ። አቤቱታ፣ ማስጠንቀቂያ፣ የክስ መልስ። ስናደድ ብዕሬ ይሳላል። ባልደረቦቼ ለስለስ ያለውን ለራሳቸው ያስቀሩና ሰው የሚያስለቅሰውን ወደ እኔ ጠረጴዛ ይገፉታል።

ነገሩ የተጀመረው ከእናቴ እግር ነው። አባቴ ከሞተ ወዲህ ሁለታችን ብቻ የምንኖርበት ቤት ግድግዳው ወፍራም ነው፤ ወለሉ ግን ያንሰፈስፋል። ብርዱ ሲገባ እናቴ ካልሲ በካልሲ ላይ ደርባ፣ እግሯን ሶፋው ላይ ሰቅላ ትውላለች። ጉልበቷን ሪህ ይዞታል። ለቤቱ ማሞቂያ ውሃ የሚያፈላው አሮጌ ቦይለር የተሰነጠቀ ዕለት፣ ሌላ ብርድ በዚህ ዓይነት እንደማታልፍ ሁለታችንም አውቀናል።

አጎቴ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ የማሞቂያ መሐንዲስ ነው። የከተማውን ግማሽ ያሞቀው እሱ ነው ይባላል፤ የሚለው ራሱ ነው። አዲስ ቦይለር፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉ ተለቅ ያሉ ራዲያተሮች፣ አለቀ ደቀቀ ብሎ ሄደ። ልብ በሉ፣ እዚህ «አለ»፣ «ሄደ» እያልኩ እጽፋለሁ። ፊት ለፊት ሳገኘው ግን እስከ ዛሬ «እርስዎ»፣ «ጋሼ» ነው የምለው። አስተዳደጌ ከንዴቴ በጥቂቱ ይበረታል።

እኔ ደግሞ ከመሬት ሥር ሙቀት ስለሚስብ ፓምፕ አንብቤ ነበር። ለአጎቴ ሳልነግር ቆፋሪ ጠራሁ።

የመጣው ሰው ረዥም ነው፤ ጃኬቱ ላይ ጭቃ ደርቋል። ጫማውን በር ላይ አወለቀ። መለኪያም ወረቀትም ሳያወጣ በካልሲው ከክፍል ክፍል ይዞር ጀመር። መስኮት ሥር ይቆማል፣ ኩሽና መሃል ይቆማል፣ እናቴ ሶፋ አጠገብ ዓይኑን ጨፍኖ ይቆማል። ምን እየሠራ እንደሆነ ጠየቅሁት።

«እግሬን እየጠየቅሁት ነው» አለ። «ማሞቂያ የሚመርጠው እግር ነው። ጭንቅላት ቀለሙን ብቻ ነው የሚመርጠው።»

እናቴ ሳቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ በቤታችን «ባለ ካልሲው» ሆነ።

አሠራሩን አስረዳን። ግቢው ውስጥ ሁለት ጥልቅ ጉድጓዶች ይሰረሰራሉ፤ ቧንቧ ይወርድባቸዋል። በቧንቧው የሚዞረው ፈሳሽ የመሬቱን ለብታ ይዞ ይወጣል፣ ፓምፑ ለብታውን ያበረታዋል፣ ከዚያ ሙቁ ውሃ ከወለሉ ሥር ይዞራል። እናቴ አልገባትም። ፍሪጁን ከግድግዳው ሳብ አድርጎ እጇን ከጀርባው እንድታስገባ ለመናት። ይሞቃል።

«ፍሪጅ ከሆዱ ሙቀት ወስዶ በጀርባው ይተፋል። እኛ ከመሬት ወስደን እግርዎ ሥር እንተፋዋለን፣ እማማ።»

«ታዲያ ከፍሪጅ ጀርባ ልትኖሪ ነው በለኛ።»

«የቤቱ ምርጥ ቦታ እኮ ነው። ድመት ይጠይቁ።»

እኔን የማረከኝ ግን ቀልዱ አልነበረም። ያን ቀን ሊሸጥልን አልፈለገም። መጀመሪያ የመስኮቶቹን ክፍተት ድፈኑ፣ ጣሪያውን ከውስጥ አልብሱ አለን። ፓምፑ ኤሌክትሪክ ይበላል፣ በነፃ ይሠራል የሚላችሁ ውሸታም ነው አለ። ሊሾው ተፈንቅሎ አዲስ ይፈሳል፣ አቧራ ትጠግባላችሁ አለ። ደግሞም ወለል እንደ ራዲያተር ወዲያው አይሞቅም።

«ይዘገያል» አለ፣ እኔን እያየ። «አንዴ ከገባ ግን ቶሎ አይወጣም።»

መስኮቱን የማይ መሰልኩ። ክፍተቱን።

በየቅዳሜው መምጣት ያዘ። ከመሬት የሚስበው ይሻላል ወይስ ከአየር የሚስበው፣ ወለሉ ሴራሚክ ይሁን ወይስ እንጨት፤ በሁሉም ተከራከርኩት። ሦስት ጊዜ ተረታሁና ሦስቱንም ጊዜ አልተናደድኩም። እናቴ ግንባሬን በእጇ ዳሰሰች፣ ትኩሳት እንዳለኝ ለማየት።

ቧንቧው የሚያልፍበትን መስመር በጠመኔ ወለሉ ላይ ይስላል፤ እንደ ቀንድ አውጣ ወደ ውስጥ የሚጠቀለል መስመር። እናቴ የምትቀመጥበት ጋ ሲደርስ መስመሮቹን አቀራረባቸው። ሰው የሚውልበትን ሳይጠይቁ ቧንቧ መዘርጋት ደብዳቤን ያለ አድራሻ እንደ መላክ ነው አለኝ። እኔን ምን እንደሚያስደስተኝ ማን እንደነገረው እንጃ።

መጨረሻ የደረሰው እኔ መኝታ ክፍል ነው። ጠዋት ስነሳ እግሬ የሚያርፍበትን ጠየቀኝ። የአልጋውን ግራ አሳየሁት። ተንበርክኮ ስሎ ጨረሰና ወደ ቀኙ ዞረ። ጠመኔው እጁ ላይ ቆመ።

«በዚህ በኩልስ?»

«በዚያ በኩል የሚነሳ የለም።»

ጠመኔውን በጣቶቹ መሃል አገላበጠው። ቀና አላለም።

«ላቀራርበው?»

እናቴ ሳሎን ውስጥ ስትስል ሰማሁ። ሰማይና ምድር ዝም ብለው የኔን አፍ የሚጠብቁ መሰለኝ።

«አቀራርበው» አልኩት።

ተንበርክኮ መስመሮቹን አቀራረባቸው። ጆሮው ግን እስኪሄድ ድረስ ቀልቶ ነበር።

አጎቴ የሰማው በሳምንቱ ነው። ቤቱን ለካ፣ አራት ገጽ ጻፈ፣ ማኅተሙን መታበት። እናቴ ፊት ቆሞ ማጠቃለያውን አነበበ፦ ይህ ፓምፕ እጥፉን ቢያህል እንኳ ይህን ቤት አያሞቅም፤ ቆፋሪው የሟች ወንድሜን ቤት ወለል ፈንቅሎ የታመመች ባልቴት በብርድ ሊጥል ነው። ከዚያ ለእኔ አንድ ነገር ብቻ ጨመረ፦ ሰውዬው በየቅዳሜው ለምን እንደሚመጣ ተላላ ሰው እንኳ ይገባዋል።

ተላላ መባሌ ነው የገደለኝ። ሰነድ እያነበብኩ የምኖር ሴት፣ አራቱን ገጾች አላነበብኳቸውም። ማጠቃለያውንና ማኅተሙን አየሁ፤ በቃኝ። ያንኑ ከሰዓት አጎቴ አባል ለሆነበት የማሞቂያ ባለሙያዎች ማኅበር አቤቱታ ጻፍኩ፤ የአራቱን ገጾች ቅጂ አያያዝኩበት። «የእናቴን ሕመም መነገጃ፣ የእኔን እምነት መሰላል ያደረገ» ብዬ ጻፍኩ። ግሩም ደብዳቤ ነበር። ማኅበሩ ፈቃዱን አገደና ደብዳቤዬን ከውሳኔው ጋር ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጠፈው።

በማግሥቱ ባለ ካልሲው መጣ። በሩ ላይ ቆመ እንጂ ጫማውን አላወለቀም። አልጮኸም። የአጎቴን ወረቀት እንዳሳየው ለመነኝ፤ እምቢ አልኩት።

«አንድ ቁጥር ብቻ ንገሪኝ። ወደ ወለሉ የሚገባውን ውሃ በስንት ዲግሪ አሰበው?»

«ከእኔ ጋር በቁጥር አትጫወት» ብዬ በሩን ዘጋሁት።

ራዲያተሮቹ ገቡ። ብርዱም ገባ። እናቴ ፊቷ በሙቀት እየቀላ እግሯ እንደ ድሮው ሶፋ ላይ ተሰቅሎ ከረመ። ሁለት ቤት አልፋ የምትኖር ጡረተኛ አዋላጅ አለች፤ ከሁለት ዓመት በፊት ባለ ካልሲው ወለሏን የሠራላት። አንድ እሁድ ያዋሰችንን መጽሐፍ ልመልስላት ሄድኩ። በሩን የከፈተችው በባዶ እግሯ ነው። እኔም ጫማዬን አወለቅሁ። ወለሉ ሰው ገና የተነሳበት መኝታ ይመስል ነበር። ግድግዳው ላይ ያለውን የወለሉን ውሃ ሙቀት መለኪያ አየሁ፦ ሠላሳ አራት ዲግሪ። ተበላሽቷል ወይ ብዬ ጠየቅሁ።

«የምን መበላሸት። ወለል ሰፊ ነው፣ ትንሽ ለብታ ይበቃዋል። ስልሳ የሚፈልገው ራዲያተር ነው። ስልሳ እዚህ ብትለቂው እግርሽን ትቀቅዪው ነበር፣ ልጄ።»

ወደ ቤት በሩጫ ነው የተመለስኩት። አራቱን ገጾች አወጣሁ። ሦስተኛው ገጽ፣ መሃል አካባቢ፦ ወደ ወለሉ የሚገባው ውሃ ሙቀት፣ ስልሳ ዲግሪ።

ገባችሁ? ፓምፑ ወለል እንዲያሞቅ ተጠይቆ፣ የራዲያተር ሥራ ተጭኖበት ወደቀ ተባለ። ሠላሳ አራት ቢባል ኖሮ እያፏጨ ይሠራው ነበር። የአራቱ ገጽ ስሌት ሁሉ፣ የእኔም ደብዳቤ፣ የአንድ ሰው የሥራ ዘመንም በዚያ አንድ ቁጥር ላይ ቆመው ነበር።

አጎቴ ቢሮ ሄድኩ። ስልሳ የተለመደ ቁጥር ነው አለኝ። ለራዲያተር አልኩት። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ሁለተኛ ሲጠርገው ለኔ ብሎ እንደሆነ ተናገረ፤ የወንድሙ ልጅ ጉድጓድ ሲምስ ለሚውል ሰው አትገባም አለ። ይህን ያለኝ በሩ ተዘግቶ ነው። ስሕተቱን አመልክቼ ማኅበሩ ሲጠይቀው ግን ሌላ ጻፈ፦ ስሌቱ ትክክል ነው፤ ልጅቱ በፍቅር ታውራ ነው። ማኅበሩም መሐንዲሱ ራሱ ካላረመ በቀር እገዳውን አናነሳም ብሎ መዝገቡን ዘጋ።

ባለ ካልሲውን ያገኘሁት ጋራዥ ውስጥ፣ የሌላ ሰው መሰርሰሪያ ሲጠግን ነው። ወረቀቱን ሰጠሁት። ሦስተኛው ገጽ ላይ ቆየ። ከዚያ ሞተሩ ላይ አስቀምጦ እጁን ጠረገ።

«ደብዳቤሽን በቃሌ ይዤዋለሁ» አለኝ። «'መሰላል' የምትለዋ ላይ ሁሌ እደናቀፋለሁ።»

ይቅርታ ጠየቅሁት። ይቅርታ ለመጠየቅ የሚመጥን ደብዳቤ ጽፌ ስለማላውቅ በአፌ ተንተባተብኩ። ለረዥም ጊዜ አየኝ። ከፊቴ ላይ ምን እንዳነበበ አላውቅም፣ ግን እጁን ዘርግቶ የኮቴን ቁልፍ፣ በችኮላ አዛንፌ የቆለፍኩትን፣ ፈትቶ በቦታው ቆለፈልኝ።

«ወደ ቤት ና» አልኩት።

«ሰሌዳው ላይ እንደ ሌባ ተለጥፌ ነው የምገባው? አንቺ ይቅር ብትዪኝ፣ እኔ ይቅር ብልሽ፣ እናትሽ ወለል ላይ የሚቆመው ሰው ሌባ የተባለው ሰውዬ ነው። ስሜ ይመለስ፤ በዚያው ቀን እመጣለሁ። በቀል አልፈልግም።»

«እኔ እፈልጋለሁ» አልኩት። «ሁለቱንም፤ ስምህንም በቀሉንም።»

ሊስቅ ምንም አልቀረው ነበር።

ለእናቴ ስነግራት ካልሲዋን እየሳበች አዳመጠችኝ። ከዚያ ራዲያተሮቹ ይውጡ አለች። ብርዱ ገና እንዳላለቀ ነገርኳት። በሱ ሙቀት ከመሞቅ ካፖርት ለብሼ እቀመጣለሁ አለችኝ። በማግሥቱ በጠራራ ፀሐይ አሥራ አንዱን ራዲያተር አስፈትቼ አጎቴ በር ላይ በሰልፍ ደረደርኳቸው። በእያንዳንዳቸው ላይ የሦስተኛውን ገጽ ቅጂ ለጠፍኩ። መንገደኛው ሁሉ እየቆመ አነበበ። አጎቴ በመስኮት መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ አየኝ፤ መልሶ ዘጋው።

የእኔን ድርሻ አልሸሽም። ያንን አቤቱታ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሳላነብ ፈረምኩ፤ ይህንኑ በፊርማዬ አስፍሬ ከመጀመሪያው ደብዳቤ አጠገብ እንዲለጠፍ ለማኅበሩ አስገብቻለሁ። እናቴ አሁን ካፖርት ውስጥ ናት። የምወደው ሰው ጋራዥ ውስጥ ነው። በሁለቱ መካከል የቆሙት እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ አለ። እዚያ መጋረጃ የለም። የፊተኛው ወንበር ላይ እኔና እናቴ እንቀመጣለን። ይነሡ፣ ማይክሮፎኑን ይያዙ፣ ቢሮዎ ውስጥ በሩን ዘግተው ያሉኝን ይተዉትና አባላቱ ሁሉ እየሰሙ ይመልሱ፦ ለወለል ስልሳ ዲግሪ የጻፉት ሳያውቁ ነው ወይስ እያወቁ?