ሁለቱንም ዋጋ

ንጉሡ በሞቱ በአራተኛው ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ በአሮጌ ልብስ ተራ የማይታይ ጌጥ አልነበረም። የቀድሞዎቹ ባላባቶች ርስታቸው ተነጥቆ፣ ሹመታቸው ተሽሮ፣ ትናንት በአደባባይ ይንጎራደዱበት የነበረውን ሐርና ከፋይ በጓሮ በር እያወጡ ይሸጡት ነበር፤ አዲሶቹ ሹማምንት ደግሞ ያንኑ ሐርና ከፋይ በፊት በር ያስገቡት ነበር። የከበረው ግን በመካከል የቆመው ነጋዴ ነው፤ «ብል በልቶታል፤ ዛሬ ይህን ማን ይለብሰዋል?» እያለ በሳንቲም ይገዛል፤ ሻጩ ማዕዘኑን ሳይዞር «የታላቁ ጌታ ልብስ ነው» እያለ በወርቅ ይሸጣል። የሚከለክል ሕግ የለም፤ ለነገሩ በዚያ ዓመት ሕጉ ራሱ የሚለብሰው አልነበረውም።

በተራው ጫፍ ባለች ጠባብ ሱቅ ከወንድሟ ጋር የምትነግድ አንዲት ሴት ነበረች፤ ቀድሞ የቤተ መንግሥት ግምጃ ቤት ጥልፍ ጠላፊ ነበረች። ጎረቤቶቿ «ሁለት ዋጋ» ይሏታል። ስሙ ስድብ ይመስላል እንጂ ምክንያቱ ሌላ ነው፤ ዕቃ ይዞ ለመጣ ሁሉ «በዚህ እገዛለሁ፤ አድሼ በዚህ እሸጣለሁ፤ መካከሉ የእጄና የሱቄ ነው፤ ካልተስማማህ ይዘኸው ሂድ» ትላለች። ትርፉን በገዛ አፉ የሚናገር ነጋዴ ታይቶ አይታወቅምና ተራው ሁሉ «ይቺስ ኪሷን ገልብጣ ነው የምትሄደው» እያለ ሳቀባት። እሷ ግን ወይ ፍንክች።

አንድ ደመናማ ረፋድ ላይ በጦርነት የሞቱ የአንድ የጦር አለቃ ባለቤት፣ አሽከር ሳያስከትሉ፣ አንድ ጥቅል ታቅፈው ገቡ። ነጋዴዋ ወንበሩን በእጇ ጠርጋ አስቀመጠቻቸውና ጥቅሉን ፈታችው። ጥቁር የከፋይ ካባ ነው፤ ትከሻውና ጠርዙ ሙሉ ጥልፍ፤ ጥልፉ ግን ጠቁሯል። በግምጃ ቤት መጀመሪያ የተማረችው ነገር ወርቅ እንደማይጠቁር ነበርና ሁለተኛ አላየችውም።

«እመቤቴ፣ ወርቅ የተቀባ መዳብ ነው» አለች። «ሠላሳ ብር እሰጥዎታለሁ፤ አድሼ ሃምሳ እሸጠዋለሁ።»

«ጌታዬ ወርቅ ነው ይሉኝ ነበር» አሉ እመቤቲቱ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ጌቶች ብዙ ይላሉ።»

እመቤቲቱ ሠላሳውን ተቀብለው ወጡ።

በሦስተኛው ቀን ካባውን በሞቀ ውኃና በኮምጣጤ ማጽዳት ጀመረች። መዳብ ቢሆን አረንጓዴ ይተፋ ነበር፤ ይህ ግን ጥቁሩ እንደ ቁስል ቅርፊት እየተላጠ መጣ፤ ስታሸተው ጥላሸትና ሰም ነው፤ ከሥሩ ያለው ጥሩ ወርቅ ነው። ያን ጊዜ ነገሩ ገባት። ንብረት የሚወርሱት የመንግሥት ሰዎች ቤት ለቤት ሲዞሩ፣ ሟቹ ካባውን ተራ እንዲመስል በጥላሸትና በሰም ለውሰውት ኖሯል፤ ለማንም ሳይነግሩ ዘመቱ፤ በዚያው ቀሩ። ከመንግሥት የሸሸጉት ወርቅ ከገዛ ሚስታቸው ተሸሸገ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የአዲሱ ገዥ እልፍኝ አስከልካይ ለበዓለ ሹመት የሚሆን ካባ ፍለጋ በተራው ሲያልፍ አየውና ሳይከራከር አራት መቶ ብር እገዛዋለሁ አለ፤ ነገ ከፍዬ ልውሰደው ብሎ ሄደ። የሱቁ ባለቤት ደግሞ ወሩ ሳያልቅ ሦስት መቶ ሃምሳ ከፍላችሁ ግዙት፣ አለዚያ ልቀቁ ካለ ሰንብቷል።

«እህቴ፣ ስሚኝ» አለ ወንድሟ። «ዋጋውን ነግረሻቸዋል፤ ተስማምተው ተቀብለዋል። ካባው ገለባ ሆኖ ቢገኝ እኮ ሠላሳውን ይመልሱ ብለሽ አትሄጂባቸውም። ኪሳራው ያንቺ ከሆነ ትርፉ የማን ሊሆን ነው?»

እውነቱን ነው። ወንድሟ ስግብግብ አልነበረም፤ አሥር ዓመት ጣሪያ እያፈሰሰበት የነገደ ሰው ነው። እሷም ብትሆን ያቺን ሱቅ እንደ ልጅ ትወዳታለች፤ ግድግዳዋን በእጇ የቀባች እሷ ነች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች።

«ዕቃ ማወቅ ሥራዬ ነው» አለች በመጨረሻ። «እሳቸው የማያውቁትን እኔ አውቃለሁ ብዬ ነው ዋጋ የቆረጥኩት። ያኔ ሳላውቅ ዋሸሁ፤ አሁን አውቄ ዝም ካልኩ፣ ‹ብል በልቶታል› ከሚሉት በምን ተሻልኩ?»

«ሱቁስ?»

«ሱቁ ይቅር።»

በማግስቱ እልፍኝ አስከልካዩ ከፍሎ ካባውን እንደወሰደ፣ እመቤቲቱ ወደተከራዩት የጓሮ ክፍል ሄደች፤ የሆነውን ሳታጎድል ነግራ ገንዘቡን ፊታቸው አስቀመጠች። ለራሷ ያስቀረችው ከፍላ የነበረውን ሠላሳና አስቀድማ የተናገረችውን ሃያ ብቻ ነው።

እመቤቲቱ ፊታቸው ተለዋወጠ። «ልትመጸውቺኝ ነው የመጣሽ?»

«አይደለም፣ እመቤቴ። ጌታዎ እውነታቸውን ነበር፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ያን ቃሌን ይቅር ይበሉኝ።»

እመቤቲቱ ይህን ሲሰሙ ገንዘቡን ሳያዩ በእጃቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። «ሦስት ቀን ሙሉ» አሉ እያለቀሱ፣ «ሦስት ቀን ሙሉ ጌታዬን እንደ ውሸታም ቆጥሬያቸው ነበር።»

ወሩ ሲያልቅ እህትና ወንድም ሱቁን ለቀቁ። ወንድሟ ሳምንት ሙሉ አኮረፋት፤ በስምንተኛው ቀን ሳጥኑን ተሸክሞላት መጣ። ዓይኗ እስኪደክም ድረስ በዚያው ተራ፣ ከግድግዳ ሥር ሸራ ወጥራ ነገደች፤ ሱቅ ሳይኖራት አረፈች።

የዘመኑ ዜና መዋዕል ጸሐፊ ስለዚያ በዓለ ሹመት ሲጽፍ፣ ገዥው «ዓይን የሚበዘብዝ የወርቅ ካባ» መልበሳቸውን ሁለት መስመር ሙሉ አትቷል፤ ካባው ከማን ትከሻ ወርዶ በማን እጅ እንዳለፈ አንድ ቃል የለም። ገዥውም ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ተሻሩ፤ ካባው ዳግመኛ በጓሮ በር ወጣ ይባላል። በአሮጌ ልብስ ተራ ግን ከዚያ በኋላ የመጣ ሻጭ ሁሉ ዕቃውን ሳይፈታ «ሁለቱንም ዋጋ ንገረኝ» ማለት ለመደ። ነጋዴዎቹ ልማዱን ማን እንዳመጣው ሳያውቁ ይራገሙታል። የሚዋሽ ዛሬም አለ፤ ነገር ግን እንደ ድሮው የሚሸጥበትን ዋጋ በዝምታ ማለፍ አይሆንለትም፤ የሻጩን ዓይን እያየ፣ በገዛ አፉ መዋሸት አለበት።