ምንም አልጎደለባትም

ሪሃብ ከደማስቆ ተሰዳ ልጇን አናስን ይዛ ዴንማርክ ከገባች ሰባት ዓመቷ ነበር። ባሏን ወታደሮች ከደጃፉ ከወሰዱት ወዲህ ሬሳውን እንኳ አላየችም። ነፋስ በማይለያት ትንሽ ከተማ፣ በአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ሽማግሌ እያጠበች፣ እያለበሰች፣ እያጎረሰች ኖረች። የዘጠና ዓመቱ ኦጌ ከእሷ እጅ በቀር አይበላም።

«ሪሃብ፣ ይሄን ዓሣ በምን ገደልሽው?» ይላታል።

«በጨው ነው፣ አባባ ኦጌ። የተረፈውን ጨው ለእርስዎ አስቀምጬዋለሁ።»

አንድ ቀን የመኖሪያ ፈቃዷን ጉዳይ የያዘው መሥሪያ ቤት ጠራት። ወጣቷ ሠራተኛ ውሃ ቀዳችላትና በአስተርጓሚ ጠየቀቻት፤ «ደማስቆ ያለችው እህትሽ ሳውሰን እንዴት ናት?»

ሪሃብ ሻሿን አስተካከለች። «ይመስገን፣ ደህና ናት። ምንም አልጎደለባትም።»

ምን ልትል ኖሯል? ባደገችበት ቤት ለቅሶ ላይ የተቀመጠ ሰው እንኳ ሲጠየቅ አስቀድሞ ያመሰግናል፤ የቤቱን ገመና ለባዳ አይዘረግፍም። ሳውሰን ግን አንድ እግሯን አጥታ፣ ጣሪያው በቦምብ በተነደለ ቤት፣ በላስቲክ ሥር ነበር የምትኖረው... ሠራተኛዋ ይህን በምን ትወቀው? የሰማችውን ጻፈች።

ደብዳቤው መጣ። ደማስቆ ተረጋግታለች፤ የአመልካቿ እህትም በዚያው ምንም ሳይጎድልባት ትኖራለች፤ ፈቃዱ ተሰርዟል። አናስ ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነውና፣ ቢመለስ ለጦሩ ይታፈሳል ተብሎ ይቆይ ተባለ። ልጅን የምትበላ ከተማ እናትን በምን አንጀቷ ታቅፋለች? ያው የዴንማርክ መንግሥት ለገዛ ዜጎቹ «ወደዚያ አገር ዝር እንዳትሉ» ይላል። ከደማስቆ ገዥዎች ጋር አይነጋገርምና ሪሃብን በግድ መስደድ አይችልም፤ ስለዚህ «ወድጄ እሄዳለሁ» እስክትል ሥራዋን ትታ መቆያ ካምፕ እንድትገባ አዘዘ። ይህን ሕግ ብለው የሚጠሩ ሰዎች ማታ ልጆቻቸውን ስመው ይተኛሉ!

«እማ፣ ለምን እውነቱን አልነገርሻትም?» አላት አናስ።

«ለማላውቃት ልጅ የእህቴን ገመና ልዘክዝክ፣ አባቴ?»

ይግባኝ ብትልም «ያኔ ደህና ናት ብለሻል» ብለው መለሷት። ኦጌ ስንብቷን ሲሰማ ማንኪያውን ገፋ። «ስልኩን አምጪልኝ። የመረጥኳቸው እኔ ነኝ፤ እኔው ልስደባቸው።» ቁጥሩን ግን አላወቀውም። እሷ ካምፕ በገባች በሁለተኛው ወር ሞተ።

በካምፑ ሥራ መሥራት፣ ወጥ መሥራት ክልክል ነበር። አናስ በየእሑዱ ሦስት ሰዓት ተጉዞ ይመጣል።

«እማ፣ ከስተሻል።»

«ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ምንም አልጎደለብኝም። አንተ ፈተናህን እለፍ።»

ያቺ መልስ ምን እንደምትሸፍን ከአናስ የበለጠ ማን ያውቃል? ግን አመናት፤ ማመን ፈልጎ ነበርና። ጡቷ ላይ ያበጠውን ለማንም ሳትናገር ከረመች። ሐኪም ያየው ሳንባዋ ከደረሰ በኋላ ነበር። የካቲት ላይ፣ በረዶው ሳይቀልጥ አረፈች።

ቀባሪዎቹ «ዕጣዋ ነው» አሉ። ዕጣ ደብዳቤ ይጽፋል? ዕጣ ማኅተም ይመታል? ሰው የፈረደውን በዕድል ማላከክ፣ ለፈራጁ እጅ መታጠቢያ ማቅረብ ነው።

አናስ ገና አፈሩን ከእጁ ሳያራግፍ ስልኩ ጠራ። ሳውሰን ነበረች፣ ከደማስቆ።

«አናስዬ፣ እህቴ ስልክ አላነሳ አለችኝ። እንዴት ናት?»

አፉን ከፈተ። ትኩሱን ጉብታ አየ። ከዚያ የእናቱ ድምፅ ከገዛ ጉሮሮው ወጣ።

«ይመስገን፣ አክስቴ... ደህና ናት። ምንም አልጎደለባትም።»