አንዲቷን ብቻ ልቆልፍ ብሎ...

«ማን ፈቀደልህ?»

ቤዛዊት ይኸነው ለሚባለው ልጅ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ይኼ ነበር። እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ፣ ኮምፒዩተር ላብ ውስጥ። የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ናቸው፤ መምህሩ ለአሴምብሊ ፕሮጀክት አጣምሯቸዋል። ይኸነው ደግሞ ፕሮግራሙን የሚሞክርበት የተማሪ ስም አጣሁ ብሎ የሷን ስም ከነአባቷ ስክሪኑ ላይ ገትሮታል። ውጤት፦ 100።

«መቶ ሰጠሁሽ እኮ! ትቆጫለሽ እንዴ?»

«ራስህ ላይ አትሞክርም?»

«የኔን መቶ ኮምፒዩተሩም አያምነውም።»

ልትቆጣ ፈልጋ ሳቀች። በዚያው ተያዘች።

አሴምብሊ ኮምፒዩተሩን ያለ አስተርጓሚ በገዛ አፉ የሚያናግሩበት ቋንቋ ነው። ነገረኛ ነው! ሥራቸው ቀላል ይመስላል። የተማሪው ስም፣ መታወቂያ ቁጥርና ውጤት አንድ ላይ ይቀመጣሉ፤ ስትራክቸር ይሉታል። ውጤቱ ይቀየር፤ መታወቂያ ቁጥሩ ግን ይነበብ እንጂ ማንም አይጻፍበት። አንዲቷን ብቻ መቆለፍ!

ሦስት ሳምንት ታገሉት። በሦስት ሳምንት ስንት ነገር ይሆናል... የእንጅባራን ዝናብ በአንድ ጃንጥላ ተጋሩ። አንድ ቅዳሜ ዘንገና ሐይቅ ዳር «ቤዛ፣ እኔ አንቺን...» ሲል ጦጣ ሙዙን ከእጁ ላፍ አደረገችው።

«ጨርሰዋ!» አለችው እየሳቀች።

«ሙዙን?»

«የጀመርከውን!»

ጨረሰው።

ከዚያ አባቷ ደወሉ።

«ቤዛ፣ ለጫግኒ ሰዎች ቃል ሰጥቻለሁ። ሽመክት ይባላል፤ እህል ነጋዴ ነው፣ ጨዋ ልጅ። ሠርጉ ለጥር ነው።»

«አባዬ፣ ትምህርቴስ?»

«አንድ ነገር ብቻ ነው የምከለክልሽ፤ ሌላ ወንድ እንዳታይ። ሌላው እንደወደድሽ።»

እንደወደድሽ አሏት እንጂ በሳምንቱ ቀለበት መጣ። ቀጥሎ «ላብ ውስጥ ከወንድ ጋር አትቀመጪ» ተባለች። ቀጥሎ «ከሠርጉ ወዲያ ትምህርቱ ይቅር፤ ሱቁ ሚዛን የሚይዝለት ሰው ይፈልጋል» ተባለ። የምትተነፍሰውን አየር ሳይቀር የሚቆጥሩባት መሰላት። ለይኸነው ልትነግረው ስንት ጊዜ አፏን ከፍታ ዘጋችው።

ሰኞ ላብ ስትገባ ይኸነው ራሱ ቀለበቱን ጣቷ ላይ አየው።

«እንኳን ደስ አለሽ» አለ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል።

«ይኸነው፣ አንተ እንደምታስበው...»

«ፕሮጀክቱን እንጨርስ።»

ከውጤቷ ሥር አዲስ መስመር ጨምሯል። ታጭታለች፦ አዎ። እሱንም ቆልፎበታል! አስነሳው። ፕሮግራሙ አዲስ ውጤት ሊጽፍ ሲል ድርግም ብሎ ሞተ።

«ምን ነካው?»

ቤዛዊት ኮዱን አየችው።

«አንዲቷን ብቻ መቆለፍ አይቻልማ! ማሽኑ የሚቆልፈው የሜሞሪውን ገጽ በሙሉ ነው፤ ገጹ ላይ ያለውን አራት ሺህ ምናምን ባይት ባንዴ። አንዷን ቆለፍኩ ስትል ስሜም ውጤቴም አብሮ ተከረቸመ።» ቀለበት ያለበትን ጣቷን ዘረጋችለት። «አባዬም ያደረጉኝ እንዲሁ ነው። ወድጄ ያሰርኩት መሰለህ?»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተ መቼ ጠየቅከኝ? "አዎ" ብለህ ጽፈህ ቆለፍክብኝ እንጂ!»

ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

ቅዳሜ ዳንግላ ወረደች። አባቷ አቶ አሳምነው ከብቶቹ ከሚውሉበት መስክ ላይ የአቮካዶ ችግኝ ከነአፈሯ እየነቀሉ ነበር።

«ምን ሆነች አባዬ?»

«ከብቱ ሊጨርሳት። ለሷ ብዬ መስኩን ሁሉ ባጥር ከብቱ በረሃብ ያልቅብኛል። ጓሮ ወስጄ ለብቻዋ አጥርላታለሁ፤ መስኩም እንዳለ ይቆያል።»

ቤዛዊት ክው ብላ ቀረች። ይኼ እኮ ነው! መታወቂያ ቁጥሩን ወደ ሌላ ገጽ አውጥቶ ያንን ገጽ መቆለፍ፤ ስትራክቸሩ ውስጥ የት እንዳለ የሚጠቁመውን አድራሻ ብቻ መተው። ልትጮህ ምንም አልቀራት። እልል በማለት ፈንታ ግን እንባዋ መጣ።

«ለችግኟ ያሰቡትን ለኔ ለምን አላሰቡልኝም? አንድ ነገር ብቻ ነው የምከለክልሽ ብለው መስኩን ሁሉ አጠሩብኝ። ተራብኩ አባዬ!»

አፈሩን ከእጃቸው አራገፉ።

«ቃሌስ?»

ቤዛዊት ጎንበስ ብላ ችግኟን ያዘችላቸው። ጓሮ ተክለው፣ አጥረው፣ ውሃ አጠጥተው ሲጨርሱ ነው አባቷ የተናገሩት።

«ቀለበቱን አምጪው። ነገ ድንጋይ ተሸክሜ ይቅርታ እለምናቸዋለሁ።»

ለሰው አጎንብሰው የማያውቁት አባቷ!

ወዲያው ለይኸነው ደወለች። መጀመሪያ የነገረችው የፕሮግራሙን መፍትሔ ነው፤ ኩራት አለባታ። ቀጥሎ ያለቀሰችበትንና የነገውን የጫግኒ መንገድ።

እሑድ ጧት ቤዛዊትና አባቷ ለጫግኒ መኪና ሊቀይሩ እንጅባራ መናኸሪያ ሲወርዱ፣ ይኸነው የበግ ግልገል የሚያህል ድንጋይ ታቅፎ ቆሟል።

«ይኼ ደግሞ ማነው?» አሉ አቶ አሳምነው።

«ፕሮግራሙን ያበላሸው ልጅ ነው፣ አባዬ።»

ይኸነው አንገቱን ደፋ። «የታጨች ልጅ ወድጃለሁ፤ እኔም አጥፍቻለሁ። አብሬዎት ልለምን።»

ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«ለይቅርታ ይኼን የሚያህል ድንጋይ ማን ይሸከማል? ቤት ልትሠራ ነው?»

«እግዜር ካለ... አዎ።»

ቤዛዊት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ጫግኒ ላይ ሁለቱ ወንዶች ድንጋያቸውን አንገታቸው ላይ አድርገው የሽመክት ቤተሰብ ደጅ ላይ ተንበረከኩ። ፀሐይዋ አናት እስክትበሳ አላነሷቸውም። በመጨረሻ ሽመክት ራሱ ወጥቶ ድንጋዮቹን አወረደ። ቀለበቱን ሲቀበል «ልቧ ሌላ ጋ የቀረ ሚስት ምን ትሆነኛለች?» አለ። ጨዋ ልጅ ነው ብለው አልነበር አባቷ? እውነታቸውን ነው።

ፕሮጀክቱ ሠራ። ውጤቱ ይቀየራል፤ መታወቂያ ቁጥሩ ንቅንቅ የለም። ቤዛዊት ያቺን «ታጭታለች» የምትለውን የመጨረሻ መስመር «አይ» አለቻት።

«ልቆልፈው?» አላት ይኸነው እየፈራ።

«እንዳትሞክረው! ክፍት ይሁን። የምጽፍበት ግን እኔ ብቻ ነኝ።»

በዓመቱ የመመረቂያ ካባዋን ሳታወልቅ፣ አባቷ በትከሻዋ አሻግረው እያዩ፣ በዚያችው መስመር ላይ በገዛ ጣቷ ጻፈችው።

አዎ!